ፕሮቲንን በሚያበራ አንቲቦዲ መፈለግ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ላቦራቶሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ሴል ላይ አንቲቦዲ ጨምሮ በማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ብርሃን ማየት ከባድ አይደለም። በደንብ ያልታጠበ አንቲቦዲ ያበራል፤ የሞተ ሴል ያበራል፤ ከጋውን የረገፈ ክር ያበራል። ከባዱ ነገር ያ ብርሃን ከምንፈልገው ፕሮቲን የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ከዋናው ናሙና ጎን የሚቀመጡ ጥቂት ማነጻጸሪያዎች፣ ማለትም ኮንትሮሎች ናቸው። አንቲቦዲ ውድ ስለሆነ መጀመሪያ የሚቀነሱት እነሱ ናቸው፤ ሲቀነሱ ግን የቀረው ሁሉ ውበት ብቻ ይሆናል። ከዚህ በታች እንደምናሳየው አንድ ማይክሮ ሊትር አንቲቦዲ ሙሉ ሙከራውን ከነኮንትሮሎቹ ይበቃዋል።

ሌላው ጉዳይ ቦታችን ነው። አብዛኛው የአሠራር ጽሑፍ የሚዘጋጀው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አገር፣ መብራት በማይቆራረጥበት፣ 22 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ሰበታና ሆለታ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት፣ የክፍሉ ቅዝቃዜ፣ የአየሩ ድርቀትና የመብራቱ ሁኔታ ውጤቱን ይለውጡታል፤ የት የት እንደሚለውጡት በየቦታው እንጠቁማለን።

አሠራሩ በአጭሩ

አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) 150 ኪሎ ዳልተን ገደማ የሚመዝን የ«ዋይ» ቅርጽ ያለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ሁለቱ ክንዶቹ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1941 አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ በሃርቫርድ አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም አጣብቀው ማሳየት ከቻሉ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቀለሙ ጥራት ነው።

ሁለት መንገድ አለ። ቀጥተኛው መንገድ ቀለሙ ፕሮቲኑን በሚይዘው አንቲቦዲ ላይ ራሱ የተጣበቀበት ነው። የእብድ ውሻ በሽታን ከእንስሳ አንጎል ለመለየት የሚደረገው ምርመራ እንዲህ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ደረጃውም አንድ ብቻ ነው። ተዘዋዋሪው መንገድ ግን መጀመሪያ ቀለም የሌለው አንቲቦዲ (ፕራይመሪ) ፕሮቲኑን ይይዛል፤ ከዚያ ቀለም ያለው ሁለተኛ አንቲቦዲ (ሰከንደሪ) የመጀመሪያውን ይይዛል። በአንድ ፕራይመሪ ላይ ብዙ ሰከንደሪ ስለሚያርፍ ብርሃኑ ይጎላል፤ አንዱ የሰከንደሪ ብልቃጥም ለብዙ ዓይነት ፕራይመሪ ያገለግላል። በጀቱ ውስን ለሆነ ላቦራቶሪ ተዘዋዋሪው ይሻላል፤ መመሪያውም በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

አንቲቦዲ ከማዘዛችሁ በፊት

አንድ ፕራይመሪ ለዌስተርን ብሎት (ከሴል የወጣ ፕሮቲን በጄል ተለይቶ በአንቲቦዲ ለሚፈለግበት ዘዴ) በደንብ ስለሠራ ለዚህ ይሠራል ማለት አይደለም። በዌስተርን ብሎት ላይ ፕሮቲኑ ተዘርግቶ ነው የሚቀርበው፤ ሴል ውስጥ ግን ተጣጥፎ፣ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተያይዞ፣ በፎርማልዴሃይድ ታስሮ ነው ያለው። በአምራቹ መግለጫ ላይ ለኢሚዩኖፍሎረሰንስ (እዚህ ለምንሠራው ዘዴ) መሞከሩን፣ የሙከራውን ሥዕል፣ በምን ፊክስ እንደተደረገም (ሴሉ ባለበት እንዲቆይ በምን እንደታሰረ) ተመልከቱ። ፕሮቲኑ ከሌለው ሴል (ጂኑ ከተወገደበት) ጋር የተነጻጸረበት ሥዕል ካለ ያ አንቲቦዲ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ትንሽ ቢወደድም።

በዙሪያችን ብዙ ሥራ የሚሠራው በከብት፣ በበግና በፍየል ናሙና ስለሆነ ለአንድ ነገር በተለይ ትኩረት እንስጥ። ለሰው ፕሮቲን የተሠራ አንቲቦዲ የበሬን ወይም የበግን ይያዝ እንደሆነ በመግለጫው ላይ ካልተጻፈ ራሳችሁ መፈተን አለባችሁ። ከዚያ የባሰው ሰከንደሪው ነው። «ፀረ ፍየል» ሰከንደሪ የበግንና የከብትንም አንቲቦዲ አጥብቆ ይይዛል፤ ዝምድናቸው ቅርብ ነውና። በበግ ጉበት ላይ ከፍየል የተገኘ ፕራይመሪ ብትጠቀሙ ሰከንደሪው ቲሹው ውስጥ ያለውን የበጉን የራሱን አንቲቦዲ ሁሉ ያበራዋል። መውጫው ፕራይመሪውን ከጥንቸል ወይም ከአይጥ መምረጥ፣ ሰከንደሪውን ደግሞ ከከብት አንቲቦዲ ጋር እንዳይያያዝ የተጣራውን ማዘዝ ነው። በአይጥ ቲሹ ላይ ከአይጥ የተገኘ ፕራይመሪ መጠቀምም ያንኑ ችግር ያመጣል።

ሁለት ፕሮቲን በአንድ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ፕራይመሪዎቹ ከተለያየ እንስሳ ይሁኑ፤ ለምሳሌ አንዱ ከጥንቸል፣ ሌላው ከአይጥ። ሁለቱም ሰከንደሪዎች ግን ከአንድ እንስሳ፣ ለምሳሌ ሁለቱም ከፍየል ወይም ሁለቱም ከአህያ ቢሆኑ ይመረጣል። ከፍየል የተገኘ ፀረ ጥንቸልን ከአህያ ከተገኘ ፀረ ፍየል ጋር ብትቀላቅሉ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይይዘዋል፤ ሁለቱ ፕሮቲኖች አንድ ቦታ ያሉ የሚመስል የሐሰት ሥዕል ይወጣል።

የቀለም ምርጫው ባላችሁ ማይክሮስኮፕ ፊልተር ይወሰናል፤ ከማዘዝ በፊት ፊልተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ፊትሲና አሌክሳ ፍሎር 488 ሁለቱም በ495 ናኖ ሜትር አካባቢ ብርሃን ተቀብለው በ519 አካባቢ አረንጓዴ ይለቃሉ። ሆኖም ፊትሲ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ፒኤቹ ከ7 ሲወርድ ደግሞ ብርሃኑ በእጅጉ ይቀንሳል። አሌክሳ 488 ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ለቀይ አሌክሳ 594 (590 ተቀብሎ 617 የሚለቅ) ከአረንጓዴው በቂ ርቀት አለው። አሌክሳ 647 ጥሩ ቀለም ነው፤ ነገር ግን በዓይን አይታይም፣ ካሜራ የግድ ነው። የኒውክለሱን ቦታ የሚያሳየው ዳፒ በአልትራ ቫዮሌት ተነሥቶ በ461 ናኖ ሜትር አካባቢ ሰማያዊ ያበራል።

ብልቃጡ ሲደርስ

ጭነቱ ከቦሌ ጉምሩክ እስኪወጣ ቀናት ይፈጅ ይሆናል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶም ቀልጦ ይደርሳል። ይህ ብቻውን አንቲቦዲውን ገደለው ማለት አይደለም። የተጣራ አንቲቦዲ ጠንካራ ፕሮቲን ነው፤ ጥቂት ቀን በክፍል ሙቀት ብዙ ጊዜ አይጎዳውም። የሚጎዳው ደጋግሞ መቀዝቀዝና መቅለጥ ነው፤ ቀለም ያለው ከሆነ ደግሞ ብርሃን። ስለዚህ እንደደረሰ ለአጭር ጊዜ ሴንትሪፉጅ አድርጋችሁ ክዳን ላይ የተንጠለጠለውን ጠብታ አውርዱ፤ ከዚያ በ10 ወይም 20 ማይክሮ ሊትር ወደ ትንንሽ ቲዩቦች አካፍሉት። ከ10 በታች አታካፍሉ፤ የሚተነውና ቲዩቡ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ድርሻ ይበዛል። እያንዳንዱ ቲዩብ ላይ ስሙን፣ የምርት ቁጥሩን፣ የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉ።

ከሦስት ወር ውስጥ የምትጨርሱትን በ4 ዲግሪ አቆዩ፤ 0.02 በመቶ ሶዲየም አዛይድ ካለበት ሻጋታ አያገኘውም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው በ−20 ይሁን፤ ግማሽ በግማሽ ግሊሰሮል ከተጨመረበት በዚያ ሙቀት ስለማይረጋ መብራት ቢጠፋም የመቅለጥና የመርጋት ጉዳት አይደርስበትም። ፒኢ ወይም ኤፒሲ የሚባሉት ቀለሞች የተጣበቁበት አንቲቦዲ ግን ጨርሶ አይቀዘቅዝ፤ በ4 ዲግሪ፣ በጨለማ። አዛይድ መርዝ መሆኑን አትርሱ፤ ከመዳብና ከእርሳስ ቧንቧ ጋርም ፈንጂ ውህድ ስለሚሠራ ክምችቱን ሲንክ ውስጥ አታፍስሱ።

በረዶውን በየጊዜው ራሱ የሚያቀልጥ ፍሪዘር ለአንቲቦዲ አይሆንም፤ ሙቀቱን በየቀኑ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በሌላኛው ፍሪዘር ባዶውን ቦታ በጄል በረዶ ሙሉት፤ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፣ እናንተም በሩን አትክፈቱ። ቅዳሜና እሑድ ማንም በሌለበት መብራት ጠፍቶ ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ በስኒ ውሃ አርግታችሁ በበረዶው ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ሰኞ ሳንቲሙ ስኒው ሥር ሰጥሞ ከተገኘ ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ ያን ሳምንት አንቲቦዲው በኮንትሮል ሳይፈተሽ ሥራ ላይ አይዋል።

ፈሳሾቹን ማዘጋጀት

ፒቢኤስ (ማጠቢያና ማቅጠኛ የሚሆነው የጨው ፈሳሽ) ለ1 ሊትር፦ ሶዲየም ክሎራይድ 8 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.2 ግራም፣ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 1.44 ግራም፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.24 ግራም፤ ፒኤች 7.4። ውሃው የተጣራ (ዲስቲልድ) ይሁን። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ከፎስፌቱ ጋር ተዋህዶ ይደፈርሳል፤ ዝቃጩም በማይክሮስኮፕ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ለ100 ሚሊ ሊትር፦ ይህ በፊውም ሁድ ውስጥ፣ በጓንትና በመነጽር የሚሠራ ነው፤ ትነቱ ካንሰር አምጪ ነው። 4 ግራም ዱቄት 60 ዲግሪ በሞቀ 80 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ከ70 ዲግሪ አታሳልፉት። ዱቄቱ በራሱ አይሟሟም፤ ፈሳሹ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ 1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሲቀዘቅዝ 10 ሚሊ ሊትር አሥር እጥፍ የተጠናከረ ፒቢኤስ ጨምራችሁ ፒኤቹን ወደ 7.4 አስተካክሉ፤ በውሃ 100 ሙሉና አጣሩት። በትንንሹ ከፋፍላችሁ በ−20 አስቀምጡ፤ የቀለጠውን ዳግመኛ አታርጉት፣ በ4 ዲግሪም ከሳምንት በላይ አታቆዩት።

መብሻው (የሴሉን ሽፋን የሚበሳው) 0.2 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100፣ ሳሙና መሰል ፈሳሽ፣ በፒቢኤስ ነው። ብሎክ ማድረጊያው (አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ የሚከላከለው) 5 በመቶ ሰከንደሪው የተገኘበት እንስሳ ሴረም፣ 1 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ሴረም አልቡሚን) እና 0.1 በመቶ ትራይተን በፒቢኤስ። ሰከንደሪያችሁ ፀረ ፍየል ወይም ፀረ በግ ከሆነ ግን ቢኤስኤም ወተትም አትጨምሩ፤ ከከብት የመጡ ናቸውና ሰከንደሪውን ይይዙታል። የአህያ ሴረም ወይም የዓሣ ጀላቲን ተጠቀሙ።

ሥራው፣ የመጀመሪያው ቀን

12 ሚሊ ሜትር ክብ ከቨርስሊፕ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ስስ መስታወት) ተጠቀሙ፤ ውፍረቱ ቁጥር 1.5 የሚባለው፣ 0.17 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የማይክሮስኮፕ ሌንሶች የሚሠሩት ለዚህ ውፍረት ነው። በ70 በመቶ አልኮል ታጥቦ ይድረቅ። በልብስ ማጠቢያ ዱቄት አትጠቡት፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ማንጫ በዳፒ ፊልተር ሰማያዊ ያበራል። ከታጠበ ጋውን የረገፈ ክር ያንኑ ያደርጋል፤ ሥዕሉ ላይ የሚታየው ረጅም ሰማያዊ ገመድ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሴሎቹ በቀላሉ የማይጣበቁ ከሆነ ከቨርስሊፑን 0.01 በመቶ ፖሊ-ኤል-ላይሲን 10 ደቂቃ ቀብታችሁ አጥባችሁ አድርቁ።

ከቨርስሊፑን ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት ውስጥ አስቀምጡ፤ እንደ ሄላ (ከሰው ካንሰር የተገኙ የላቦራቶሪ ሴሎች) ያሉ ሴሎች ከሆኑ በአንድ ጉድጓድ 50,000 ያህል ዝሩ። በማግስቱ ከመስታወቱ ግማሽ በላይ ይሸፍናሉ፤ ከዚያ በላይ ቢጨናነቁ እርስ በርስ ተደራርበው የፕሮቲኑን ቦታ ማየት ያስቸግራል።

ሚድያውን (ሴሎቹ ያደጉበትን ፈሳሽ) አስወግዳችሁ በፒቢኤስ አንዴ በቀስታ እጠቡ፤ ፒፔቱን ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ አዙሩ እንጂ ሴሎቹ ላይ አታፍስሱ። ወዲያው 4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ 500 ማይክሮ ሊትር ጨምራችሁ ለ15 ደቂቃ በክፍል ሙቀት አቆዩ። ጊዜው ቢረዝም ፎርማልዴሃይዱ ፕሮቲኑን እያሰረ አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ ይሸፍነዋል፤ ቢያጥር ፕሮቲኑ ይፈስሳል። አንዳንድ አንቲቦዲ በፎርማልዴሃይድ ጨርሶ አይሠራም፤ ያኔ በ−20 የቀዘቀዘ ሜታኖል ለ5–10 ደቂቃ ሞክሩ። ሜታኖል ሴሉን ስለሚበሳ ትራይተን አያስፈልገውም፤ ግን የሽፋን ፕሮቲኖችን ያዛባል።

ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን 5 ደቂቃ፣ በፒቢኤስ እጠቡ። ቀጥሎ 100 ሚሊ ሞላር ግላይሲን 10 ደቂቃ፤ ይህ የተረፈውን ፎርማልዴሃይድ ይዘጋዋል፣ ካልተዘጋ አንቲቦዲውን ራሱ ይይዘዋል። ከዚያ በ0.2 በመቶ ትራይተን 10 ደቂቃ ብሱ። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ በሱሉልታ በኩል ባሉ ላቦራቶሪዎች የክፍሉ ሙቀት ከ18 ሲወርድ ትራይተኑን 15 ደቂቃ አድርጉት፤ በመመሪያ ላይ «የክፍል ሙቀት» ሲባል 20–25 ዲግሪ ማለት ነውና። ፕሮቲኑ በሴሉ ውጫዊ ገጽ ላይ ያለ ከሆነ ይህን ደረጃ እለፉት፤ ትራይተን ሽፋኑን ያሟሟዋል።

ብሎክ ማድረጊያውን ጨምራችሁ 1 ሰዓት አቆዩ። በዚህ ጊዜ ፕራይመሪውን አቅጥኑ።

ፕራይመሪውን እንዲህ አቅጥኑ። 1 ማይክሮ ሊትር አንቲቦዲ በ99 ማይክሮ ሊትር ብሎክ ማድረጊያ፦ 1 ለ 100። ከዚህ 40 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ በ80 ጨምሩ፦ 1 ለ 300። ከዚህኛው 30 ወስዳችሁ በ70 ጨምሩ፦ 1 ለ 1,000። ለአንድ ከቨርስሊፕ 30 ማይክሮ ሊትር ስለሚበቃ ከአንዲት ማይክሮ ሊትር ሦስቱም መጠን ተገኘ፣ ለኮንትሮልም ተረፈ። የመግለጫው ቁጥር (የተጣራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 10 ማይክሮ ግራም) መነሻ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው መጠን በእናንተ ሴል የሚገኘው ነው።

አንቲቦዲው የሚቆጠበው በዚህ መንገድ ነው፦ በፕላስቲክ ሳህን ላይ ፓራፊልም (ውሃ የማይሰርጽበት የሰም ፊልም) ዘርጉ፤ ከየመጠኑ 30 ማይክሮ ሊትር ጠብታ አኑሩ፤ ከቨርስሊፑን በቀጭን መቆንጠጫ አንሥታችሁ ጠርዙን በፊልተር ፔፐር አስነክታችሁ ውሃውን አስመጥጡ፤ ሴል ያለበትን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ በአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ ጠብታው ላይ በቀስታ አስተኙት። አረፋ ከገባበት አንሡና ድገሙት፤ አረፋው ያለበት ቦታ ጨለማ ክብ ሆኖ ይቀራል። ከየትኛው በኩል ሴል እንዳለ ከጠፋችሁ በመቆንጠጫው ጫፍ ጠርዙን ጫር አድርጉ፤ የሚላጥበት ፊት የሴሉ ነው። በሳህኑ ውስጥ በውሃ የራሰ ሶፍት አስቀምጣችሁ ክደኑት። በታኅሣሥና በጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ ያለዚህ ጠብታው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጠርዙ ይደርቃል፤ የደረቀ አንቲቦዲ በምንም ማጠቢያ አይለቅም፣ ሥዕሉም ጠርዙ ላይ ደምቆ ይወጣል።

ከዋናዎቹ ጎን የሚቀመጡት ኮንትሮሎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ምንም አንቲቦዲ ያልነካው፤ የሴሉን የራሱን ብርሃን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ፕራይመሪ ሳይሆን ብሎክ ማድረጊያ ብቻ የተደረገበትና በኋላ ሰከንደሪ የሚያገኘው፤ ሰከንደሪው በራሱ የሚጣበቅ መሆኑን ያሳያል። ሦስተኛ፣ ፕሮቲኑን የማይሠራ ሴል ላይ የተደረገ 1 ለ 300፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ የተወገደ ጂን ያለው ሴል ካልተገኘ ፕሮቲኑን እንደማያመርት በሌላ ዘዴ የታወቀ የሴል ዓይነት ይተካዋል። አራተኛ፣ ፕሮቲኑ በብዛት ያለበት ሴል፤ ምንም ብርሃን ካልታየ አንቲቦዲው ሞቶ ይሁን ፕሮቲኑ ጠፍቶ የሚለየው እሱ ነው። ሁለት ቀለም ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ያለበት አንድ አንድ ይጨመር።

በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን ይደር። በክፍል ሙቀት 1 ሰዓትም ይሆናል፤ ክፍሉ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ግን ሌሊቱን ማሳደር የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ከቨርስሊፑን ፊቱን ወደ ላይ መልሳችሁ ወደ ፕሌቱ አስገቡ፤ በፒቢኤስ ሦስት ጊዜ 5 ደቂቃ እጠቡ። ሰከንደሪውን ከመጠቀማችሁ በፊት በ10,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርጋችሁ ከላይ ብቻ ውሰዱ፤ ተጣብቆ የጓጎለ ቀለም ሥሩ ይቀራል። ካልተደረገ በየቦታው የተረጩ ደማቅ ነጥቦች ይታያሉ፤ ልምድ የሌለው ሰው የፕሮቲኑ ነጥቦች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። 1 ማይክሮ ሊትር በ500 ማይክሮ ሊትር ብሎክ ማድረጊያ አቅጥኑ፤ ይህ ለ16 ከቨርስሊፕ ይበቃል። በተመሳሳይ መንገድ በፓራፊልም ላይ 1 ሰዓት፣ ሳህኑን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍናችሁ አቆዩ። ከዚህ በኋላ የክፍሉ መብራት ደብዘዝ ይበል።

ሦስት ጊዜ እጠቡ፤ በሁለተኛው ማጠቢያ ላይ ዳፒ 0.5 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ጨምራችሁ 5 ደቂቃ አቆዩ። በመጨረሻ በተጣራ ውሃ አንዴ ነክራችሁ ጨውን አስወግዱ፤ ጠርዙን በፊልተር ፔፐር አድርቁ፤ ስላይድ ላይ 5 ማይክሮ ሊትር ማስቀመጫ (ማውንቲንግ ሚድየም) ጠብ አድርጋችሁ ሴሉን ወደ ታች አስተኙ። የሚጠነክር ዓይነት ከሆነ በጨለማ 24 ሰዓት ይቆይ፤ በግሊሰሮል የተሠራ ከሆነ ጠርዙን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ዝጉ። ቀለም ያለው የጥፍር ቀለም ራሱ ያበራል።

ቲሹ ሲሆንና የከፍታው ነገር

በፓራፊን የተቀበረ ቲሹ 4–5 ማይክሮ ሜትር ተቆርጦ በዛይሊን ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ በ100፣ በ95፣ በ70 በመቶ አልኮልና በውሃ ያልፋል። ቀጥሎ ፎርማሊኑ የሸፈነውን ቦታ በሙቀት መክፈት ያስፈልጋል፦ 10 ሚሊ ሞላር ሲትሬት (ትራይሶዲየም ሲትሬት ዳይሃይድሬት 2.94 ግራም በሊትር)፣ ፒኤች 6.0፣ 0.05 በመቶ ትዊን 20። የተለመደው መመሪያ «በ95–98 ዲግሪ 20 ደቂቃ» ይላል።

እዚህ ግን ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ እሳቱን ብትጨምሩትም ከዚያ አያልፍም፤ ማይክሮዌቭም ቢሆን ያው ነው። ከውጭ የመጣ መመሪያ በቃሉ ተከትለው ቲሹው ላይ ምንም ያላዩ ሰዎች አንቲቦዲውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን ያልተገኙት ጥቂት ዲግሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው በክፍት ዕቃ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ማራዘም ነው፤ ለብዙ አንቲቦዲ ይሠራል፣ የሚተነውን በሙቅ ውሃ እየተካችሁ። ሁለተኛው የተሻለው ነው፦ የግፊት ድስት (ፕሬሸር ኩከር)። በ1 ባር ግፊት በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው እዚህ 117 አካባቢ ይደርሳል፤ ግፊቱ ከሞላ በኋላ 4–5 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ስላይዱን እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙት፤ ትኩሱን አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ፒቢኤስ ውስጥ ብትከቱት ቲሹው ከመስታወቱ ይላቀቃል። ስላይዱም ቻርጅ ያለው (የሚያጣብቅ) ዓይነት ይሁን። ከዚህ በኋላ ያለው እንደ ሴሉ ነው።

ቀይ የደም ሴልና ያረጀ ቲሹ ውስጥ ያለ ሊፖፈስሲን (በዕድሜ የሚከማች የሴል ቀለም) በሁሉም ፊልተር ያበራል። 0.1 በመቶ ሱዳን ብላክ ቢ በ70 በመቶ አልኮል ከሰከንደሪው በኋላ 10 ደቂቃ ማድረግ ይቀንሰዋል። አንቲቦዲ ያልነካው ኮንትሮል ከሌለ ግን ይህ ብርሃን መኖሩን እንኳ አታውቁም።

ማይክሮስኮፑ ላይ

ማይክሮስኮፑ የሜርኩሪ አምፑል ያለው ከሆነ ከበራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አታጥፉት፤ ከጠፋ በኋላም ሳይቀዘቅዝ አታብሩት። የ100 ዋት አምፑል ዕድሜ 200 ሰዓት አካባቢ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቶሎ ማብሪያውን ዝጉት፤ ሲመለስ ትኩሱ አምፑል በራሱ እንዳይነሣ። ከፈነዳ ክፍሉን ለቃችሁ ውጡና አናፍሱት፤ የሜርኩሪ ትነት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አዲስ ማይክሮስኮፕ የሚገዛ ላቦራቶሪ የኤልኢዲ ብርሃን ያለውን ይምረጥ፤ ለካሜራውና ለኮምፒዩተሩ ዩፒኤስ ይኑረው።

የካሜራውን የብርሃን ጊዜ (ኤክስፖዠር) የምትወስኑት በጣም ደማቅ በሆነው ናሙና ላይ ነው፤ አንድም ነጥብ ወደ ካሜራው ጣሪያ፣ ለ12 ቢት 4,095፣ እንዳይደርስ። ከዚያ ያንኑ ቁጥር ሳትነኩ ሁሉንም ኮንትሮሎች አንሡ። በራሱ የሚያስተካክለውን (አውቶ) አጥፉት፤ ጨለማውን ኮንትሮል ደማቅ ያስመስለዋል፣ ማነጻጸሪያነቱም ያበቃል። ሥዕል ስታነሡ ከቀዩ ጀምራችሁ ወደ አረንጓዴ፣ ዳፒን መጨረሻ ላይ አድርጉ፤ የዳፒው አልትራ ቫዮሌት ሌሎቹን ቀለሞች ያደበዝዛል።

ያልተሳካው ለምን አልተሳካም

ምንም ብርሃን ከሌለ መጀመሪያ ሰከንደሪው ከፕራይመሪው እንስሳ ጋር መግጠሙን፣ ከዚያም ፊልተሩን እዩ፤ ብዙው ችግር እዚህ ያልቃል። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ፕሮቲኑ በብዛት ያለበትን ኮንትሮል ተመልከቱ፤ እሱም ጨለማ ከሆነ በሜታኖል ፊክስ ሞክሩ፣ ካልሆነም አዲስ የተካፈለ ቲዩብ ክፈቱ።

ሁሉም ነገር እኩል ካበራ ሰከንደሪ ብቻ ያለውን ከቨርስሊፕ ተመልከቱ። እሱ ጨለማ ከሆነ ፕራይመሪው በዝቷልና ወደ 1 ለ 1,000 ውረዱ። እሱም ካበራ ሰከንደሪውን ወደ 1 ለ 1,000 አቅጥኑ፤ የብሎክ ማድረጊያውን ሴረም ዓይነት መርምሩ፤ ማጠቢያው ላይ 0.05 በመቶ ትዊን 20 ጨምሩ። ኒውክለሱ ብቻ ደምቆ ፕሮቲኑ ግን ከኒውክለስ ውጭ መሆኑ የሚታወቅ ከሆነ ያ አንቲቦዲ ፕሮቲኑ በሌለው ሴል ላይም እንዲሁ ያደርግ እንደሆነ እዩ፤ ካደረገ ሌላ አንቲቦዲ ፈልጉ፤ በማቅጠን አይድንም።

አረንጓዴውና ቀዩ ፍጹም ከተደራረቡ ከመደሰት በፊት አንድ ቀለም ብቻ ያለባቸውን ኮንትሮሎች በሁለቱም ፊልተር እዩ፤ አረንጓዴ ብቻ ያለበት በቀይ ፊልተር ካበራ ቀለሙ እየፈሰሰ ነው። ቀለሙ እያያችሁት ከደበዘዘ ማስቀመጫው ላይ ኤን-ፕሮፒል ጋሌት ያለበትን ተጠቀሙ፣ ፒኤቹም 8 አካባቢ ይሁን፤ የምታነሡትን ቦታ በዳፒ ሳይሆን በደብዛዛ ብርሃን ፈልጉ።

ስላይዱን በጨለማ፣ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ፤ በግሊሰሮል የተዘጋውን በሳምንት ውስጥ አንሡት። ሥዕሉን በቲፍ አስቀምጡ እንጂ በጄፔግ አታጭቁት፤ ነጻ በሆነው የሥዕል መተንተኛ ሶፍትዌር በፊጂ ስትከፍቱት የዋናውንና የኮንትሮሉን ብሩህነት በአንድ ቁጥር ብቻ አስተካክሉ፣ ቁጥሩንም ከአንቲቦዲው የምርት ቁጥርና ከተቀጠነበት መጠን ጋር በመዝገብ ጻፉ።